ስለ እምቢታ፣ ስለ ዐመፅና ስለ ሽፍትነት

ቃል እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው፡፡ ድንጋዩ የጎደለ እንደ ሆነ ነጋዴው ቅን ቢሆን እንኳ ገዢው ይጎዳል፤ ቃሉም የተዛባ እንደ ሆነ ዳኛው ቅን ቢሆን እንኳ ተሟጋቹ ይጠፋል፡፡ ይልቁንም በአዛዥና በታዛዥ መካከል የሚነገር ቃል ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል፡፡ እንዲህ ያለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው አዛዡ ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው ግን ታዛዡ ነውና፡፡

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ከመሆኑ በፊት፣ ርስት ገና የሰው ክብርና ኑሮ በነበረበት ዘመን፣ በጎጃም ምድር በአንዲት የወረዳ ከተማ አንድ አቤቱታ ጸሐፊ ሽማግሌ ነበሩ፡፡ በልጅነታቸው ከቅኔ መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው የግእዝን ግሥ ጠንቅቀው የተማሩ ስለ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ «መሪጌታ» ይላቸው ነበር፡፡ በየማለዳው ከመሥሪያ ቤት አጥር አጠገብ ከአንዲት ዋርካ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ቀለማቸውንና ብዕራቸውንም በሣጥን ላይ አኑረው የተበደለውን ሰው ነገር ይጽፋሉ፡፡

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ይዛ መጣች፡፡ ወረቀቱ ስለ ልጇ ለበላይ ሹም የተጻፈ ክስ ግልባጭ ነበረ፡፡ መሪጌታው ካነበቡ በኋላ ዝም አሉ፤ ባልቴቲቱም ጮክ ብለው እንዲያነቡላት ለመነቻቸው፡፡ በወረቀቱ የተጻፈው ቃል በአጭሩ ይህ ነበር፤ ልጁ ግብር ክፈል ቢባል እምቢ ብሏል፤ በመንግሥት ላይ ዐምፆአል፤ ሸፍቷል፤ ስለዚህ ርስቱ ሊወረስ ይገባል፡፡

ባልቴቲቱ ጥቂት አሰበችና፣

«መሪጌታ፣ ሦስት ነገር አነበቡልኝ፤ ልጄ የሠራው ግን አንድ ነው፡፡ የቀሩትን ሁለቱን ማን ሠራቸው?» አለች፡፡

ነገሩም እንዲህ ነበረ፡፡ ልጁ አባቱ ከሞተ በኋላ ርስቱን ሲያርስ፣ የዓመቱን አሥራት ለጭቃ ሹሙ በእጁ ቆጥሮ ሰጠ፤ ደረሰኝ ቢጠይቅ «ነገ» ተባለ፤ ነገም ሌላ ነገ ወለደ፡፡ ከጥቂት ወራትም በኋላ ያንኑ ገንዘብ ዳግመኛ ክፈል የሚል ትእዛዝ መጣ፡፡ ልጁም በገበያ መካከል «ከፍዬአለሁና ሁለተኛ አልከፍልም፤ እምቢ» አለ፤ በቍጣም ጭቃ ሹሙን ሰደበ፡፡ ሊያስሩት ሰው እንደ ተላከ በሰማ ጊዜ፣ ከዱላው በቀር አንዳች ሳይዝ ወደ ዐባይ ቆላ ወርዶ ከአጎቱ ቤት ተጠጋ፡፡

መሪጌታው ወረቀቱን ተቀብለው፣

«እናቴ፣ ዛሬ ይግቡና ነገ ይመለሱ፡፡ ይህ ነገር በአንድ ጀምበር የሚጻፍ አይደለም፤ ቃሎቹ ተጣልተዋልና አስቀድሜ እነርሱን ላስታርቅ» አሉ፡፡

መሪጌታው በዚያች ሌሊት ያሰቡት ይገባን ዘንድ ሦስቱን ቃላት በየተራ መመርመር ያስፈልጋል፡፡

የመጀመሪያው ቃል «እምቢ» ነው፡፡ ይህ ቃል ሕፃን አፉን ሲፈታ አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ቃላት አንዱ ነው፡፡ ሰውም ብቻ አይደለም፤ በሬው ለቀንበር እምቢ ይላል፤ የዛገ ቁልፍም ለባለቤቱ እምቢ ይላል፡፡ እንግዲህ ቃሉ በራሱ ኀጢአትን አያመለክትም፤ ጽድቅንም አያመለክትም፡፡ ለዚህም ጽኑ ማስረጃ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል፡፡ ፈርዖን ሕዝቡን አልለቅም ባለ ጊዜ እምቢ እንዳለ ተጽፏል፤ ሙሴም የፈርዖን የልጅ ልጅ መባልን በናቀ ጊዜ እንዲሁ እምቢ እንዳለ ተጽፏል፡፡ አንዱ በልቡ ድንዳኔ፣ ሁለተኛው በእምነቱ እምቢ አሉ፤ ቃሉ ግን ያው አንድ ቃል ነው፡፡ ስለዚህ አንድ ሰው እምቢ አለ ብሎ መክሰስ ክሱን አጋምሶ መተው ነው፤ ለማንና ስለ ምን እምቢ እንዳለ ካልተነገረ ዳኛ ሊፈርድበት አይችልም፡፡

ሌላም የሚያስተውሉት ነገር አለ፡፡ «እምቢ» ግሥ ይሆን ዘንድ «አለ» የሚለውን ረዳት ይሻል፤ ያለ እርሱ አይረባም፡፡ ይህም የአፍ ሥራ መሆኑን ያሳያል፡፡ እምቢ የሚል ሰው ከአዛዡ ፊት ቆሟል፤ ድምፁ ይሰማል፤ «ስለ ምን?» ብለው ቢጠይቁት መልስ ሊሰጥ ይችላል፡፡ በእምቢታ ውስጥ የንግግር በር ገና አልተዘጋም፡፡ ደግሞም አንድ ጊዜ እምቢ ያለ ሰውና «እምቢተኛ» አንድ አይደሉም፡፡ «እምቢተኛ» የሚለው ስም ልማድን ያመለክታል፤ መልካሙንም ክፉውንም ሳይለይ ሁልጊዜ የሚያሻክር ሰው ይባልበታል፡፡ አንድ ቀን የሰከረውን ሁሉ ሰካራም እንደማይሉት፣ አንድ ቀን እምቢ ያለውንም ሁሉ እምቢተኛ ማለት አይገባም፡፡

ሁለተኛው ቃል «ዐመፀ» ነው፡፡ ዛሬ በጋዜጣም በሸንጎም ዐመፅ ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ፣ ታናሹ በታላቁ ላይ፣ ሕዝብ በመንግሥት ላይ መነሣቱን ያስባል፡፡ የቃሉ ጥንተ ትርጓሜ ግን እንዲህ አልነበረም፡፡ በግእዝ «ዐመፀ» ማለት በደለ፣ ፍርድ አጣመመ፣ ግፍ ሠራ ማለት ነው፤ «ዐመፃ»ም በደልና ግፍ ነው፡፡ ይህ በደል በታላቁም በታናሹም ሊሠራ ይችላል፤ ፍርድን ለማጣመም ግን ሥልጣን ስለሚያስፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነቀፋው የሚወድቀው ሥልጣን ባለው ላይ ነበረ፡፡

በሉቃስ ወንጌል በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ያለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም፡፡ አንዲት መበለት ፍርድ ፍለጋ ወደ አንድ ዳኛ ትመላለስ ነበር፤ ዳኛው እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ነበረ፡፡ እርስዋ ግን አልተውህም ብላ ነዘነዘችው፡፡ በዚህ ታሪክ ውስጥ አልታዘዝም ባዩዋ መበለቲቱ ናት፤ ሂጂ ስትባል አልሄደችም፤ ዝም በዪ ስትባል ዝም አላለችም፡፡ ነገር ግን በአማርኛው ወንጌል «ዐመፀኛ» ተብሎ የተጠራው ማነው? መበለቲቱ አይደለችም፤ ዳኛው ነው፡፡

እንግዲህ ይህ ቃል ከዘመን ወደ ዘመን ሲተላለፍ ቤቱን ለወጠ፡፡ አስቀድሞ ከዙፋኑ በኩል የሚሠራው ግፍ ይጠራበት የነበረው ቃል፣ ኋላ ያንን ግፍ የሚቃወመው ሰው ይጠራበት ጀመር፡፡ እንዲህ ያለ ለውጥ የሚሆነው በአንድ ሰው ተንኮል አይደለም፤ ቃልን የሚጽፍ ሁሉ ከተሾመ ሰው አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ ነገሩንም ከዚያ ወንበር ሆኖ ስለሚያየው ነው፡፡ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የአገራችን ተረት የተወለደው ከዚህ ልማድ ነው፡፡ ንጉሥ የማይከሰስ ከሆነ በደል ሁሉ ከታች የሚነሣ ይመስላልና፡፡

ስለዚህም የጎጃም ገበሬዎች በ1960 ዓ.ም. ያደረጉት ነገር ምስክር ነው፡፡ አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፣ ይህ መሬታችንን በመለካት ርስታችንን ሊያሳጣን ነው ብለው ፈርተው አንከፍልም አሉ፡፡ መንግሥት ነገሩን ዐመፅ አለው፤ ጦርም ተላከ፤ ደምም ፈሰሰ፡፡ በመጨረሻ ግን መንግሥት ጠቅላይ ገዢውን አነሣ፤ የቆየውንም ውዝፍ ግብር ማረ፡፡ ነገሩ በጅምሩ «እምቢታ» ተብሎ ቢሰማ ኖሮ «ስለ ምን?» የሚል ጥያቄ ይከተለው ነበር፤ «ዐመፅ» በተባለ ጊዜ ግን የተከተለው ጥይት ነው፡፡ ጥያቄውም ከጥይቱ በኋላ መምጣቱ አልቀረም፡፡

ካህናት ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ቃል ሊያስቡ ይችላሉ፤ እርሱም «ዐለወ» ነው፡፡ ይህ የግእዝ ግሥ በእውነት ሕግ አፈረሰ፣ ከዳ፣ በጌታው ላይ ተነሣ ማለት ነው፡፡ እንግዲህ «ዐላዊ» የሚባለው ንጉሡን አልታዘዝም ያለው ሰው ሊሆን በተገባው ነበር፡፡ ነገር ግን በሰማዕታት ዜና «ዐላውያን» ተብለው የሚጠሩት ነገሥታቱ ናቸው፡፡ ዲዮቅልጥያኖስ በ284 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነግሦ የሮምን መንግሥት የሚያህል መንግሥት ገዛ፤ ጦሩም ሕጉም በእጁ ነበረ፤ ሰማዕታቱ ግን ከአንገታቸው በቀር የሚሰጡት አልነበራቸውም፡፡ ለጣዖት ስገዱ ቢላቸው እምቢ አሉ፡፡ ቤተ ክርስቲያን በመጽሐፏ ዐላዊ ብላ የጻፈችው ግን አዛዡን ነው፡፡ ይህም አነጋገር ምሥጢር አለው፡፡ ከንጉሡ በላይ ሕግ እንዳለ የሚያምን ሰው፣ ንጉሡም ራሱ ሸማቂ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፡፡ ሥልጣን ሁሉ ከላይ የተሰጠ ነው ብሎ ሐዋርያው ማስተማሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተሰጠ ነገር ሁሉ ሰጪ አለው፤ ሰጪ ያለውም ሁሉ ይጠየቃል፡፡

ሦስተኛው ቃል «ሸፈተ» ነው፡፡ እምቢታ የአፍ፣ ዐመፅ የልብ እንደ ሆነ፣ ሽፍትነት የእግር ሥራ ነው፡፡ ሽፍታ ማለት ከሹም ፊት ተለይቶ ዱር ቤቴ ያለ ሰው ነው፡፡ የአገራችን ሰው ግን ሽፍታን ከወንበዴና ከቀማኛ ይለይ ነበር፡፡ ወንበዴ የሚፈልገው ከረጢትህን ነው፤ ሽፍታ የሚፈልገው ፍርዱን ነው፡፡ ርስቱን የተነጠቀ፣ ደሙ ያልተመለሰለት፣ በፍርድ ቤት የረታውን ነገር በጉልበት የተቀማ ሰው ይሸፍታል፤ ኋላም ሽማግሌ ልኮ ወይም ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ «ማሩኝ» ብሎ ይገባል፤ ምሕረትም ይደረግለታል፤ አልፎ አልፎም ሹመት ይጨመርለታል፡፡ ይሁን እንጂ ዱር የገባ ሰው መብላት ስላለበት፣ በሹሙ ላይ ተነሣሁ ያለው ሽፍታ ውሎ አድሮ የድኻውን ጎተራ መድፈሩ አልቀረም፡፡ ገበሬም ስሙን በአንድ ጊዜ በፍርሃትና በአድናቆት የሚያነሣው ስለዚህ ነው፡፡

ይህ ቃል ከሌሎቹ ይልቅ ተለዋዋጭ መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል፡፡ ካሣ ኃይሉ በቋራ ቆላ በነበረ ጊዜ በጎንደር ለነበሩት ለእቴጌ መነን ሽፍታ ነበር፡፡ የላኩበትን ጦር አሸነፈ፤ የልጅ ልጃቸውን ድረውለት ሊያለዝቡትም ሞከሩ፤ አልሆነም፡፡ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ያው ሽፍታ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ፡፡ ከዚያ በኋላ በወሎ፣ በጎጃምና በላስታ የተነሡበትን ሰዎች እርሱ በተራው ሽፍታ አላቸው፤ እነርሱን ሲያሳድድም ኀይሉ አለቀ፡፡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወቱ ባለፈ ጊዜ ከሰፊው ግዛቱ በእጁ የቀረው አምባው ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ እንግዲህ ሽፍታው ማነው? መልሱ በዓመቱ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፡፡

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢቀር፣ ቃሉ ባዶ ነው፤ ያሸነፈ ንጉሥ፣ የተሸነፈ ሽፍታ ይባላል ብሎ መደምደም ይቻል ነበር፡፡ ብዙ ሰዎችም እንዲህ ይላሉ፡፡ ነገር ግን ቃሉን ከባዶነት ያዳኑ ሰው በአዲስ አበባ ከተማ መካከል በሐውልት ቆመዋል፤ እርሳቸውም አቡነ ጴጥሮስ ናቸው፡፡ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ በዱር የቀሩትን የኢትዮጵያን ተዋጊዎች በራሱ ቋንቋ «ሪቤሊ»፣ በእኛም ቋንቋ «ሽፍታ» እያለ ይጠራቸው ነበር፡፡ ይህም ስም ትልቅ ዋጋ ነበረው፡፡ ተዋጊዎቹ ሽፍቶች ከተባሉ ኢጣልያ ሕጋዊ መንግሥት ትሆናለች፤ እነርሱንም መስቀል የጦር ወንጀል መሆኑ ቀርቶ የፍርድ ሥራ ይሆናል፡፡ አቡነ ጴጥሮስ በተያዙ ጊዜ የተጠየቁት ጦር እንዲያነሡ ወይም ገንዘብ እንዲሰጡ አልነበረም፤ የተጠየቁት በአፋቸው እንዲያወግዙ ነበር፡፡ አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲገዝቱ፣ ለኢጣልያም መንግሥት ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲያዝዙ ተጠየቁ፡፡

እርሳቸው ግን እምቢ አሉ፡፡ ስለ አገራቸው የቆሙት ሽፍቶች አይደሉም፤ ሽፍታስ የሰው አገር ሊወር የመጣው ነው ብለው መመስከራቸው እስከ ዛሬ ይነገራል፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ፡፡ አንድ ጳጳስ ስለ አንድ ቃል ትርጓሜ ሞቱ ቢባል ሐሰት አይደለም፡፡ ቃሉ በጉልበት የሚገለባበጥ ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዋጋ ባልተከፈለበት ነበር፡፡ እርሳቸው ያስተማሩት ሽፍትነት የሚለካው በዱር በመኖርና በከተማ በመኖር እንዳልሆነ ነው፤ የሚለካው የማን የሆነውን ነገር በጉልበት ያዝህ በሚል ጥያቄ ነው፡፡

ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት አገር ነጻ ከወጣች በኋላም ቢሆን ቀላል አልሆነም፡፡ በላይ ዘለቀ ከጦርነቱ በፊት በዐባይ ሸለቆ የሸፈተ ሰው ነበረ፤ በአምስቱ የመከራ ዓመታት የጎጃም አርበኞች ታላቅ መሪ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ተሾመ፤ ከዚያም ሸፍቷል ተብሎ ተከስሶ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ፡፡ ቃሉ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞሮ መጣ፡፡ ያገሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው በመካከለኛው ማዕርጉ ነው፡፡

ቃሉ ድንበርም ተሻግሯል፡፡ ኬንያ በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ጊዜ በሰሜን ምሥራቅ ግዛቷ የሚኖሩ ሶማሌዎች ከሶማሊያ ጋር እንቀላቀል ብለው ተነሡ፡፡ መንግሥቱ ተዋጊዎቹን «ሺፍታ» አላቸው፤ እስከ 1960 ዓ.ም. የቆየው ውጊያም በዚያው ስም በታሪክ ተጻፈ፡፡ በእኛ ቋንቋ ውስጥ የፍርድ ጥማትንም ዝርፊያንም ይዞ የኖረው ቃል፣ በዚያ አገር የቀረለት የዝርፊያው ትርጓሜ ብቻ ነበር፡፡ በዚህም ምክንያት ጠመንጃ ያልያዘው ግመል ጠባቂ እንኳ በዚያ ስም ተጠርጥሮ ብዙ መከራ ተቀበለ፡፡ ቃል ከአገሩ ሲወጣ እንደ ተሰደደ ሰው ነው፤ ዘመዶቹን ትቶ አንዱን ልብሱን ብቻ ለብሶ ይሄዳል፡፡

እንግዲህ ወደ መሪጌታው እንመለስ፡፡

በማግሥቱ ባልቴቲቱ ስትመጣ አቤቱታው ተጽፎ ቆይቷት ነበር፡፡ ረዥም አልነበረም፡፡ መሪጌታው ልጁ ንጹሕ ነው ብለው አልጻፉም፤ ጭቃ ሹሙንም አልሰደቡም፡፡ ያደረጉት ነገር ቢኖር ሦስቱን ቃላት መለያየት ነው፡፡ ልጁ እምቢ ማለቱ እውነት ነው፤ እምቢ ያለውም ለግብር አይደለም፣ አንዱን ግብር ሁለት ጊዜ ለመክፈል ነው፡፡ ዐምፆአል የተባለው፣ ማን ማንን እንደ በደለ ገና ስላልተመረመረ ከምርመራ በፊት ሊጻፍ አይገባውም፡፡ ሸፍቷል የተባለውም፣ በእጁ ጠመንጃ ያልያዘ፣ ደም ያላፈሰሰ፣ የሰው ከብት ያልነዳ ሰው፣ ያለበትም ቤት እየታወቀ፣ ሽፍታ ሊባል አይችልም፤ ዋስ ተሰጥቶት ይጠራና ይጠየቅ፡፡

ባልቴቲቱ ወረቀቱን ይዛ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ሄደች፡፡ አንድ ጊዜ ቀጠሮው ተላለፈባት፤ ሁለተኛም ተላለፈባት፤ እርስዋ ግን አልተወችም፡፡ በሦስተኛው ዳኛው ነገሩን ሰሙ፡፡ ጭቃ ሹሙን «ልጁ ሰው ገድሏል?» አሏቸው፡፡ «የለም» አሉ፡፡ «ከብት ነድቷል?» «የለም፡፡» «ያለበትን ታውቃላችሁ?» «ከአጎቱ ዘንድ ነው፡፡» «ታዲያ ሽፍትነቱ ምኑ ላይ ነው?» ባሏቸው ጊዜ መልስ ጠፋ፡፡

ልጁ በዋስ ተጠርቶ ቀረበ፡፡ ደረሰኙ ከየት ይምጣ? ነገር ግን ገንዘቡ ሲቈጠር በዐይናቸው ያዩ ሁለት ጎረቤቶች በመሐላ መሰከሩለት፡፡ ዳኛውም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ አሥራቱ ተከፍሏልና ዳግመኛ አይጠየቅ፤ ርስቱም አይወረስ፡፡ ሹምን በአደባባይ መስደብ ግን አይገባምና ስለ ስድቡ ይቀጣ፡፡ ልጁም መቀጫውን ከፈለ፤ በዚህ ጊዜ ደረሰኝ ተቀበለ፡፡ ከክሱ ወረቀት ላይም «ዐምፆአል» እና «ሸፍቷል» የሚሉት ቃላት እንዲሰረዙ ታዘዘ፡፡

ከዚህ ታሪክ አስተዋይ ሰው ሦስት ጥያቄ ሊማር ይችላል፡፡ አንድ ሰው አልታዘዝም ባለ ጊዜ ስም ከማውጣት በፊት፣ ለማን እምቢ አለ? ስለ ምን እምቢ አለ? እምቢ ካለስ በኋላ ምን አደረገ? ብሎ መጠየቅ ይገባል፡፡ ለማን የሚለው ጥያቄ ከባለሥልጣኑ በላይ ያለውን ሕግ ያሳስባል፡፡ ስለ ምን የሚለው ሙሴን ከፈርዖን ይለያል፡፡ ምን አደረገ የሚለው አርበኛውን ከቀማኛው ይለያል፡፡ ሦስቱ ሳይጠየቁ የሚሰጥ ስም ፍርድ አይደለም፤ ፍርድን የሚቀድም ቅጣት ነው፡፡ ደግሞም ጥያቄው ለሁለቱም ወገን ነው፡፡ እምቢ ያለ ሁሉ ጻድቅ አይደለም፤ የገዛ ስስቱን ነጻነት እያለ የሚጠራ፣ የድኻ ጎተራ እየሰበረ ፍርድ ፈላጊ ነኝ የሚል በየዘመኑ አልጠፋም፤ ዛሬም አይጠፋም፡፡ እርሱንም የሚያጋልጠው ይህ ያው ጥያቄ ነው፡፡

ባልቴቲቱ ከፍርድ ቤት ስትመለስ አስቀድማ ወደ ዋርካው ሄደች፡፡ የፍርዱን ግልባጭ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ለመሪጌታው ሰጠቻቸው፡፡ እርሳቸውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡላት፡፡

«ሁለቱ ቃላት ወጡ?» አለች፡፡

«ወጡ፣ እናቴ፡፡»

«እምቢ የምትለዋስ?»

መሪጌታው ዳግመኛ ወረቀቱን ተመለከቱና፣ «እርስዋ አለች፤ አልሰረዟትም» አሉ፡፡

ባልቴቲቱም ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ቀድሞው ቋጠረችና፣

«ትኑር፤ እርስዋስ እውነት ናት» አለች፡፡